ኳሷ መሬት ወድቃ መቺው ለምን አውት ይባላል? የኢንፊልድ ፍላይ ሕግ ይሻር ለሚሉ

ጥያቄ፦ «ቤዝቦል ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አብዛኛው ነገር ገብቶኛል። አንድ ሕግ ግን እስካሁን አልዋጥልኝ አለ። መቺው ኳሷን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይለጋታል። ማንም ሳይይዛት መሬት ትወድቃለች። ዳኛው ግን መቺውን አውት፣ ማለትም ተራህ አበቃ፣ ይለዋል። ለምን ስል 'ኢንፊልድ ፍላይ ነው' ብለው ያልፉኛል። ያልተያዘች ኳስ እንዴት አውት ታስደርጋለች? ይህ ሕግ ሰው ከማደናገር በቀር ምን ይሠራል? ለምን አይሻርም?»

ምላሽ፦

ይህን ጥያቄ በየወቅቱ እሰማዋለሁ። በአማተር ሊጎች ለብዙ ዓመታት በዳኝነት ሠርቻለሁ። ከተመልካች በኩል ጩኸት በብዛት የሚነሳብኝ በዚህ ሕግ ነው። ሰው ደግሞ በከንቱ አይናደድም። ዓይኑ ያየው ሌላ፣ የተፈረደው ሌላ ይሆንበታል።

መልሴን ላስቀድም። ሕጉ መሻር የለበትም። ማደናገሩን አልክድም፤ ለምን እንደሚያደናግርና ምን ቢስተካከል እንደሚሻል ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልያዝ። ኳስ ወደ ላይ ስትወጣ ሁላችንም አንገታችንን ቀና አድርገን እሷን እናያለን። ቀጥሎ መቺውን እናያለን። ሕጉ ግን ለእነሱ ተብሎ የወጣ አይደለም። ቤዝ (በሜዳው ዙሪያ ያለ ማረፊያ ጣቢያ) ላይ ቆመው መሄዱም መቅረቱም ለሚያስቀጣቸው ሯጮች፣ ማለትም ለመቺው ባልደረቦች፣ ተብሎ የወጣ ነው። ዓይንዎን ከኳሷ ላይ አንስተው ሯጮቹ ላይ ካደረጉ ግማሹ ግርታ ይለቅዎታል።

ሕጉ እንዲህ ይላል። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ መኖር አለበት። ሦስተኛውም ላይ ቢኖር ያው ነው። አውቱ ከሁለት በታች መሆን አለበት። የተመታችው ኳስ ደግሞ ወደ ላይ የወጣች፣ በሜዳው ክልል ውስጥ የምታርፍ፣ አንድ ኢንፊልደር በተለመደ ጥረት ሊይዛት የሚችል መሆን አለባት። ኢንፊልደር ስል በቤዞቹ ዙሪያ የሚቆሙትን ማለቴ ነው፤ ወርዋሪውና ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ተቀባይም ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ሲሟላ ዳኛው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ኢንፊልድ ፍላይ!» ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መቺው አውት ነው። ኳሷ ብትያዝም ብትወድቅም ለውጥ የለውም። በአግድም የተወነጨፈች ኳስና መቺው በዱላው ገፋ አድርጎ ሊያስቀምጣት የሞከራት ኳስ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አይገቡም።

ለምን ይህ ሁሉ አስፈለገ? ለዚህ አንድ የቤዝቦል መሠረት መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ቤዝ ላይ ሁለት ሯጭ አይቆምም። ስለዚህ መቺው ኳሷን መትቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ሲሮጥ፣ እዚያ የነበረው ሯጭ ቦታውን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። እሱ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የሁለተኛው ደግሞ ወደ ሦስተኛው ይገፋል። እንዲህ የተገደደ ሯጭን አውት ለማድረግ እሱን መንካት አያስፈልግም። ኳሷን ይዞ የሚሄድበትን ቤዝ ቀድሞ መርገጥ ይበቃል።

ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ነገሩ ይገለበጣል። መቺው አውት ነው፤ ስለዚህ ከኋላ የሚገፋ የለም። ሯጮቹ ግን ወደ ነበሩበት ቤዝ ተመልሰው መርገጥ አለባቸው። ሳይመለሱ ኳሷ ከቀደመቻቸው እነሱም አውት ናቸው።

በአጭሩ፣ ኳሷ ከወደቀች ወደፊት፣ ከተያዘች ወደኋላ። ለሯጭ ከዚህ የበለጠ ወሳኝ ነገር የለም።

አሁን ሕጉ የለም እንበል። አንድ አውት አለ፤ ሦስት ሲሞላ የሚመታው ቡድን ተራ፣ ማለትም ኢኒንጉ፣ ያልቃል። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች ቆመዋል። መቺው በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሃል በሚቆመው ተከላካይ፣ በሾርትስቶፑ፣ አናት ላይ ቀጥ ያለች ኳስ ሰደደ። ኳሷ አየር ላይ አራት አምስት ሰከንድ ትቆያለች። ሾርትስቶፑ ሥሯ ደርሶ ቆሟል። ጓንቱን ከፍቷል። ሯጮቹ ምን ያድርጉ?

ቤዛቸው ላይ ቢቆሙ፣ ሾርትስቶፑ ጓንቱን አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ ይስባል። ኳሷ እግሩ ሥር ትወድቃለች። አንስቶ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ይወረውራል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ትሄዳለች። ሁለት አውት። ኢኒንጉ አለቀ።

ወደፊት ቢሮጡ፣ ሾርትስቶፑ ዝም ብሎ ኳሷን ይይዛል። መቺው አውት። ከዚያ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ይረግጣል ወይም ይወረውራል። የሮጠው ሰው ተመልሶ አልደረሰም። ሁለት አውት። ኢኒንጉ አለቀ።

«መሃል ላይ ቆመው ሁኔታውን ይዩ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል። ኳሷ ወደ አውትፊልድ፣ ማለትም ወደ ሩቁ ሳር ስትሄድ ሯጮች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። እዚያ ግን የሚሠራው ርቀቱ ስላለ ነው። አውትፊልደሩ ይዞ እስኪወረውር፣ ኳሷ እስክትደርስ፣ ሯጩ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል። እዚህ ግን ኳሷን የያዘው ሰው ከቤዙ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው ያለው። ከቤዝ እስከ ቤዝ 27 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ነው። መሃል ላይ የቆመ ሯጭ ወደየትም ቢሄድ ወደ 14 ሜትር ይጠብቀዋል። ኳሷ ያንን ርቀት ከሯጩ በጣም ፈጥና ትሸፍነዋለች። ስለዚህ ኳሷ ብትወድቅም ብትያዝም መሃል የቆመ ሰው ይሞታል፤ አውት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስት ምርጫ ነበረ፤ ሦስቱም መጨረሻቸው ያው ነው። ይህ የሯጩ ስንፍና አይደለም። የቱንም ያህል ፈጣን ይሁን፣ የቱንም ያህል ጨዋታ አዋቂ ይሁን፣ ትክክለኛ መልስ የለውም። ምክንያቱም መልሱን የሚወስነው ሾርትስቶፑ ነው፤ የሚወስነውም ሯጮቹ ምን እንዳደረጉ ካየ በኋላ ነው።

ይህን በወረቀት አውቀው ነበር። በአካል የገባኝ ግን አንድ ቀን ራሴ ስሕተት ሠርቼ ነው።

ሁለት ዳኞች ነበርን። ሕጉ ሊሠራ የሚችልበት ሁኔታ ሲፈጠር ዳኞች እርስ በርስ ምልክት እንሰጣጣለን። እኛ ጣታችንን ወደ ኮፍያችን ጠርዝ እናስጠጋ ነበር። ነቃ በል፣ ኢንፊልድ ፍላይ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። የዚያን ቀን ባልደረባዬ ምልክቱን ሰጠኝ፤ እኔ ግን የወርዋሪውን እግር እያየሁ አመለጠኝ። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች። እሱ እኔ እጠራለሁ ብሎ ጠበቀ፤ እኔም እሱን ጠበቅኩ። ማናችንም ሳንጠራ ቀረን።

ሾርትስቶፑ የአሥራ ሰባት ወይም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ቀና ብሎ ኳሷን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለ። እጄ እንዳልተነሳ ገባው። ኳሷን ተዋት። አንድ ጊዜ ነጠረች፤ በባዶ እጁ ቀለባት። ወደ ሦስተኛ ወረወረ፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ተወረወረች። አለቀ። ያልተጠራ ኢንፊልድ ፍላይ እንዳልነበረ ስለሚቆጠር ሁለቱም አውቶች ጸኑ።

ከሁለተኛ ቤዝ ያልተንቀሳቀሰው ሯጭ ወደ እኔ መጣ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። «እሺ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ከአሠልጣኙ የሚጠብቀውን ተግሣጽ እያሰበ መልስ ፈለገ። መልስ አልነበረኝም። ብትቆም ትሞታለህ፣ ብትሮጥ ትሞታለህ ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ። ሕጉ ለማን እንደተጻፈ ያኔ ነው የገባኝ። ዛሬም ይሻር ሲሉኝ የዚያ ልጅ ፊት ነው የሚመጣብኝ።

አሁን ሕጉ ይህን እንዴት እንደሚፈታ ይመልከቱ። ዳኛው መቺውን ከወዲሁ አውት አለው። መቺው አውት ከሆነ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚሮጥ የለም። የሚሮጥ ከሌለ ማንም ቦታውን እንዲለቅ አይገደድም። ሯጮቹ ቤዛቸው ላይ በሰላም መቆም ይችላሉ። ኳሷ ብትወድቅም ሾርትስቶፑ የሚያተርፈው ነገር የለም። ተንኮሉ ዋጋ አጣ። ስለዚህ ተጫዋቹ የተለመደ ሥራውን ይሠራል፤ ይይዛታል።

መቺውስ ተበደለ? ይህ የጥያቄዎ ዋና ነጥብ ይመስለኛል። በእኔ ዕይታ አልተበደለም። የመታት ኳስ ኢንፊልደር በቀላሉ የሚይዛት ነበረች። ሕጉ ባይኖርም ወይ እሱ አውት ይሆን ነበር፣ ወይ ከእሱ ይልቅ ጓደኞቹ ይጠፉለት ነበር። ሕጉ የወሰደበት ነገር ራሱ ያላገኘውን ነው። ለደካማ ምት አንድ አውት ይከፈላል። ሁለት አይከፈልም።

ያልተያዘ ኳስ አውት ማስደረጉ ራሱ ብርቅ አይደለም።  ወደ ቤዝ ዘግይቶ የደረሰ ሯጭ አውት የሚሆነው ኳስ ከአየር ተይዛበት ነው? በቤዝቦል አውት የሚገኝበት መንገድ ብዙ ነው። እዚህ የሚከብደን ዓይናችን ቀድሞ ኳሷ ስትወድቅ ማየቱ ነው።

ሰው የሚሰለቸው ደግሞ ቅድመ ሁኔታው መብዛቱ ነው። ለምን አንደኛ ቤዝ ላይ ብቻ ሯጭ ሲኖር አይሠራም? ለምን ሁለት አውት ሲሆን አይሠራም? እነዚህ የዘፈቀደ አይደሉም። አንደኛ ቤዝ ላይ ብቻ ሰው ካለ ተከላካዩ ኳሷን ቢጥላት ሯጩን ሁለተኛ ላይ አውት ያደርጋል። መቺው ግን ኳሷ አየር ላይ በቆየችባቸው ሰከንዶች አንደኛ ቤዝ መድረስ ይችላል። ያው አንድ አውት ነው። ሳይሮጥ ቆሞ ካየ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ሕግ ለእሱ ጥብቅና አይቆምም። ሁለት አውት ካለ ደግሞ አንድ ኳስ መያዝ ኢኒንጉን ስለሚጨርሰው መጣሉ ምንም አይጨምርም። አንደኛና ሦስተኛ ላይ ሯጭ ቢኖርስ? ሁለተኛው ባዶ ስለሆነ የሦስተኛውን የሚገፋው የለም። እያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ ቢያገላብጡት ከሥሩ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ ተከላካዩ ሆን ብሎ ሥራውን ባለመሥራቱ ተጨማሪ አውት ያገኛል ወይ? የሚያገኝ ከሆነ ሕጉ ይገባል። የማያገኝ ከሆነ አይገባም። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቅድመ ሁኔታዎቹን በቃሌ መያዝ አላስፈለገኝም።

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ተጫዋቾች ይህን ዘዴ ደርሰውበት ነበር። የቦስተኑ ሾርትስቶፕ ጆርጅ ራይት ቀላል ኳስ እየጣለ በአንድ ምት ሁለት አውት በማግኘት የታወቀ ነበር። ጓንት እየተለመደ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ኳስ መያዝ ቀላል ሆነ። ስለዚህ የምትወድቀው ኳስ ከእጅ ያመለጠች ሳትሆን የተተወች ሆነች። የአሜሪካው ናሽናል ሊግ ሕጉን በ1895 አወጣ። መጀመሪያ የሚሠራው አንድ አውት ሲኖር ብቻ ነበር። በ1901 ምንም አውት በሌለበት ጊዜም እንዲሠራ ተደረገ። እንግዲህ ሕጉ ቢሮ ውስጥ የተፈለሰፈ አይደለም። ሜዳ ላይ የታየ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ሌላ ቀዳዳ ሲታይ እሱም ተደፈነ። የቃላቱ መብዛት የመጣው ከዚህ ነው።

በ1975 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መጽሔት ስለዚህ ሕግ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የጸሐፊው ስም አልተጻፈበትም ነበር፤ ዊልያም ስቲቨንስ የሚባል የሕግ ተማሪ ነው የጻፈው። ያየው ነገር ጥልቅ ነው። ቤዝቦል ሲጀመር የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ነበር፤ ቀላል ኳስ ሆን ብሎ የሚጥል ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ማሸነፍ ከጨዋነት ሲበልጥ ሕግ አስፈለገ። የአገር ሕግም ከፍርድ ወደ ፍርድ፣ ከጉዳይ ወደ ጉዳይ እንዲህ ቀስ እያለ እንደሚያድግ አሳየበት። የሕግ ምሁራን እስከ ዛሬ ያነሱታል።

በ2015 ደግሞ በዚያው መጽሔት ላይ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ አንድሩ ጊልፎርድ፣ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ሕጉ ይሻር ብለው ጻፉ። ስለዚህ የእርስዎን ሐሳብ የሚያነሳው ጀማሪ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ በክብደት መታየት ያለበት ሐሳብ ነው። ይሻር ከሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምሰማው ክርክር እንዲህ ነው፦ ቤዝቦል በማታለል የተሞላ ነው። ቤዝ ይሰረቃል፤ ኳስ ሳትመታ ሯጩ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሾልኮ ይሮጣል። ሯጭን ለማዘናጋት ኳስ የሌለውን ጓንት ዘርግቶ የያዘ መምሰል አለ። ኳሷን ጓንት ውስጥ ደብቆ ሯጩ ሲወጣ መንካትም አለ። ይህ ሁሉ ከተፈቀደ ኳስ መጣል ለምን ይከለከላል? ሕጉ ቢነሳ ሜዳው ይሟሟቃል፤ ሯጩም ተከላካዩም ጭንቅላቱን ይጠቀማል።

ክርክሩ ይማርካል። ግን አንድ ልዩነት አለ። በጠቀስናቸው ማታለሎች ሁሉ የሚታለለው ሰው መዳኛ አለው። ኳስ ይደበቅብኛል ብሎ የሚፈራ ሯጭ ቤዙን ሳይለቅ ይቆያል። ቤዝ ሊሰረቅበት የሚሰጋ ወርዋሪ ሯጩን እያየ ይይዘዋል። ነቃ ያለ ይተርፋል፤ የተዘናጋ ይቀጣል። ፍትሐዊ ነው። በኢንፊልድ ፍላይ ግን የነቃውም የተዘናጋውም እኩል ይጠፋል። ጭንቅላት የሚሠራው ሁለት መንገድ ሲኖር ነው። ሯጩ መንገድ የለውም። ሕጉ ቢነሳ ብልሃት የሚጨምረው ለአንዱ ወገን ብቻ ነው። ያውም ሥራውን ለተወው ወገን።

«እሺ፣ ሆን ብሎ የሚጥለው ላይ ብቻ ቅጣት ይደረግ» የሚልም አለ። እንዲህ ያለ ሕግ አለ እኮ! ኢንፊልደር ቀላል ኳስ ነክቶ ሆን ብሎ ከጣለ መቺው አውት ይባላል፤ ጨዋታው ይቆማል፤ ሯጮቹ ይመለሳሉ። ግን ይህ ሕግ የሚይዘው ነክቶ የጣለውን ነው። ሳይነካ እንድትወድቅ የተዋትን አይመለከትም። እኔ ላይ የደረሰው ልጅ ኳሷን አልነካትም። እሱን በዚህ ሕግ ልይዘው አልችልም ነበር። ይያዝ ቢባል እንኳ ዳኛው የተጫዋቹን ልብ ሊያነብ ነው። ፀሐይ ዓይኑ ገብታ ነው ወይስ አውቆ ነው? ኢንፊልድ ፍላይ ይህን ጥያቄ ጭራሽ አያነሳም። ኳሷ ቀላል ነበረች ወይ ብቻ ይላል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ቢሉኝ፣ ዓይኔ በሚያየው ነገር ብፈርድ እመርጣለሁ።

ሕጉ ስሙ የጠፋው ደግሞ በአንድ ምሽት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2012፣ አትላንታ፣ ተርነር ፊልድ። አትላንታ ብሬቭስና ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ተሸናፊው የሚሰናበትበትን የዋይልድ ካርድ ግጥሚያ ይጫወታሉ። ብሬቭስ 6 ለ 3 እየተመሩ ነው። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ አንድ አውት፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች። አንድሬልተን ሲመንስ ወደ ግራ ሜዳ ከፍ ያለች ኳስ ላከ። የካርዲናልሱ ሾርትስቶፕ ፒት ኮዝማ ወደኋላ ሮጦ ሥሯ ደረሰ። እጁን አነሳ። ከዚያ በድንገት ሸሸት አለ፤ አውትፊልደሩ ማት ሆሊደይ የሚይዛት መስሎታል። ኳሷ መሃላቸው ወደቀች። ስታዲየሙ በደስታ ፈነዳ። ቤዞቹ ሁሉ የሞሉ መሰለው።

የግራ ሜዳው ዳኛ ሳም ሆልብሩክ ግን እጁን አንስቶ ነበር። ኢንፊልድ ፍላይ። ሲመንስ አውት።

ተመልካቹ ያገኘውን ሁሉ ወደ ሜዳ ወረወረ። ጠርሙስ፣ ጽዋ፣ ቆሻሻ። ጨዋታው ለ20 ደቂቃ ያህል ቆመ። ብሬቭስ በይፋ ተቃውሞ አስመዘገቡ። ከሊጉ ኃላፊዎች አንዱ የሆኑት ጆ ቶሬ የዳኛ ዕይታ ጉዳይ ነው ብለው ወዲያው ውድቅ አደረጉት። ሌላ ነጥብ አልተገኘም፤ ብሬቭስ 6 ለ 3 ተሸንፈው ወጡ። የብሬቭሱ ኮከብ የቺፐር ጆንስም የመጨረሻ ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ሕጉ ኳሷ በሣሩ ድንበር ወይም በቤዝ መስመር አይወሰን ይላል። ሾርትስቶፕ ሥሯ ደርሶ ቆሞ ከነበረ ርቀቱ ብቻውን አያስጥልም። ስለዚህ በፊደሉ ከሄድን ለውሳኔው መከራከሪያ አለው። የሕጉን ዓላማ ካየን ግን ልቤ ይከፈላል። ኳሷ በጣም ርቃ ነበር። ከዚያ ርቀት ኮዝማ ሆን ብሎ ቢጥላት እንኳ ሁለት አውት ማግኘት ይከብደው ነበር። ሯጮቹም በመሃል ቆመው መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ እንደ አውትፊልድ ኳስ። ሊጠበቁበት የሚገባ ወጥመድ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምልክቱ ዘገየ። ኳሷ መሬት ልትነካ ስትል ነው እጁ የተነሳው። ሕጉ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ወዲያውኑ ይጠራ ነው የሚለው፤ ሯጮቹ ሰምተው እንዲጠቀሙበት። መጨረሻ ላይ የመጣ ጥሪ ለማን ይጠቅማል?

እና ያን ምሽት የወደቀው አጠራሩ ነው እላለሁ። ሕጉ ተሽሮ ቢሆን የሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ሾርትስቶፖች ኳስ መጣል ይጀምሩ ነበር።

ሌላው ትልቅ ግርታ ኳሷ «ሕያው» መሆኗ ነው። ዳኛው ሲጠራ ብዙ ሰው ጨዋታ የቆመ ይመስለዋል። አልቆመም። መቺው አውት ነው እንጂ ሯጮቹ በራሳቸው ኃላፊነት መሮጥ ይችላሉ። ከተያዘች መመለስ አለባቸው። ከወደቀች ሳይመለሱ መቀጠል ይችላሉ፤ ግን አሁን የሚገፋቸው ስለሌለ ተከላካዩ በኳሷ ሊነካቸው ይገባል። በአትላንታው ጨዋታም ሲመንስ አውት ቢባልም ሯጮቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ደርሰዋል። ጥሪውን ሰምቶ ኳሷ ስትወድቅ በደመ ነፍስ የሚሮጥ ሯጭ ግን ብዙ አይቻለሁ። ማንም ሳይገፋው ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

ግንቦት 23 ቀን 2024 በቺካጎ የሆነው ደግሞ ሕጉ ባልሠራው ጥፋት የተወቀሰበት ነው። ዋይት ሶክስ በኦሪዮልስ 8 ለ 6 እየተመሩ ነው። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ አንድ አውት፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች። አንድሩ ቤኒንቴንዲ ቀጥ ያለች ኳስ ወደ ላይ ሰደደ። ኢንፊልድ ፍላይ ተጠራ፤ መቺው አውት። ከሁለተኛ ቤዝ ወጣ ብሎ የነበረው አንድሩ ቮን ሲመለስ ከሾርትስቶፑ ጋነር ሄንደርሰን መንገድ ላይ ተገኘ። ሄንደርሰን ኳሷን ያዛት። ዳኛው ግን ቮን አደናቅፏል ብሎ እሱንም አውት አለው። ሦስት አውት ሞላ፤ ጨዋታው እዚያው አለቀ። ሕዝቡ «ይሄ የተረገመ ኢንፊልድ ፍላይ» አለ። ሁለተኛውን አውት ያመጣው ግን የማደናቀፍ ሕግ ነው። ሰው የማይገባውን ነገር ሁሉ በሚያውቀው ስም ይጠራዋል።

አንድ የምወደው ነገር አለ፤ ሰው ብዙም አያነሳውም። «የተለመደ ጥረት» ሲባል የማን ጥረት ነው? ደንቡ በዚያ ሊግ በዚያ ቦታ የሚጫወት መካከለኛ ችሎታ ያለው ተጫዋች ይላል። የአየሩና የሜዳው ሁኔታም ከግምት ይገባል። ስለዚህ በአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ለሚጫወት ሾርትስቶፕ ቀላል የሆነች ኳስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀላል ላትሆን ትችላለች። ነፋስ ኃይለኛ በሆነ ቀን እኔም እጄን ለማንሳት አልቸኩልም። ልጆች ሳዳኝ ኳሷን ሳይሆን የልጁን እግር ነው የማየው። እግሩ ረግቶ ከቆመ እጄ ይነሳል። እየተንገዳገደ ከሆነ አይነሳም። ልጁ ካልረጋ፣ አውቆ ሊጥል የሚችልበት ወጥመድም የለም።

ምን ይስተካከል ካሉኝ ሁለት ነገር እላለሁ። የመጀመሪያው ጊዜው ነው። ኳሷ ከፍታዋን ጨርሳ መውረድ ስትጀምር ጥሪው መምጣት እንዳለበት በግልጽ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። በዚያ ሰዓት ሥሯ የቆመ ኢንፊልደር ከሌለ ባይጠራ ይሻላል። ይህ ብቻ አትላንታ ላይ የሆነውን ያስቀር ነበር።

ሁለተኛው ለተመልካች መንገር ነው። ከ2022 ጀምሮ የሜጀር ሊግ ዳኞች በቪዲዮ የታየን ውሳኔ በማይክሮፎን ለስታዲየሙ ያስረዳሉ። ማይክሮፎኑ አለ። ለኢንፊልድ ፍላይ ለምን አይውልም? «መቺው አውት ነው፤ ሯጮች የመሮጥ ግዴታ የለባቸውም» ለማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። በትንንሽ ሊጎች ማይክሮፎን የለንም። እኔ ግን ሳልጠራ ከቀረሁባት ከዚያች ቀን ወዲህ ጮክ ብዬ ነው የምጠራው። መጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ቤዙ ሯጭ ዞሬ፣ ጣቴን ወደ ላይ አድርጌ፣ «መቺው አውት ነው! ቆይ!» እለዋለሁ። ቤዙን ረግጦ ሲቆም አየዋለሁ፤ ከዚያ ነው ቀና ብዬ ኳሷን የማየው።